ከአርባ እስከ ሰማንያ

ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ላሜን እኔው አልባለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ አቦ ቤተ ክርስቲያን ያለ ምርኩዝ ደርሼ እመለሳለሁ። ጣራ ሲያፈስ እስከ አምና ድረስ ራሴ ወጥቼ እደፍን ነበር። ዘንድሮ ልጄ መሰላሉን ደበቀብኝ። የት እንደደበቀው አውቃለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከሚስቴ ጎን ተቀምጬ። እሷ ቶሎ ገባት። እኔ ዘገየሁ እንጂ አልተውኩም። ማታ ማታ የዋልኩበትን ሁሉ የማወራው ለሷ ነበር። ካረፈች ይኸው አራተኛ ክረምቷ። ለልጅ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ። ደብተር የገዛሁት ለዚህ ነው።

የልጄ የእንግዳ ሚስት ብርነሽ ቀኗ ደርሷል። እዚሁ መካኒሳ፣ ከኔው ግቢ ከጓሮ ባለው ክፍል ነው የሚኖሩት። ስድስት ዓመት ጠብቀናል። ወንድ ነው። የሆዷን አቀማመጥ አይቻለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ላም ያረባ ሰው በዚህ አይሳሳትም። ይህን ስላት «አባባ፣ እኔ ላም ነኝ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ ይላል።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ወንድ! ጤና ጣቢያ ተወለደ። እናቲቱም ደህና ናት።

ግቢው በሴቶች ተሞላ። ለወንድ ሰባት እልልታ ነው፣ ለሴት አምስት። እኔው ቆሜ ቆጠርኩ። ስድስተኛው ላይ ሊያቆሙ ሲሉ «አንድ ይቀራል!» ብዬ ጮህኩ። ፉርሽካ የሚሸጥልኝ ጎረቤቴ ሸምሱ «ጋሽ ደምሰው፣ አምጦ የወለደው አንተ ትመስላለህ» ብሎ አሳቀብኝ። ይሳቅ።

ስሙ ኢያቄም ይሆናል። የአባቴ ስም ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። ስለዚህ ሐምሌ 23 ይውላል። ለመምሬ ሚሳኤል ዛሬውኑ ነገርኳቸው።

አዋላጇ «ፍሬዎቹ አልወረዱም፣ ሆስፒታል አሳዩት» አለች አሉ። ይወርዳል። ዘንድሮ የማይቸኩል ሰው የለም።

ሰኔ 22

አይጠባም። የጠባትንም መልሶ ያወጣታል። ብርነሽ ሆስፒታል እንውሰደው ትላለች። አራስ በዚህ ዝናብ ከቤት አትወጣም አልኩ። ምች ነው። ያልፋል።

ሰኔ 24

ከስቷል። ፊቱ የሽማግሌ ፊት ሆነ። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አይመለስም። ጥጃ ቢሆን ውሃ አልቆበታል ብዬ ሌሊቱን ሐኪም እጠራ ነበር።

ብርነሽ ዛሬም ጠየቀችኝ። ዛሬም ያንኑ መለስኩ።

ሰኔ 25

እንግዳ ሚኒባሱን ከነተሳፋሪው መንገድ ላይ አቁሞ መጣ። እኔን አልጠየቀም። ልጁ በእናቱ እጅ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

ሆስፒታል። ደም ሥሩ ጠፋ። በአናቱ ቆዳ ላይ ወጉት። ውጭ አስወጡኝ።

ሰኔ 28

ከሆስፒታል አሁን ገባሁ።

ሐኪሟ ዶክተር ፌኔት ትባላለች። የልጅ ልጄ ብትሆን አይገርመኝም። «አባባ ይቀመጡ» አለችኝ።

«ቆሜ እሰማለሁ» አልኩ።

«ልጅቷ ጨው ከሰውነቷ አልቆ ነው ልታመልጠን የነበረው። አሁን እየተመለሰች ነው።»

«የቷ ልጅ?»

እንግዳ አንገቱን ደፋ። ለካ ከኔ በፊት ነግረውታል።

ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አስረዳችኝ። ከኩላሊት በላይ ትንሽ ዕጢ አለች። ጨው በሰውነት እንዲቀር የሚያደርገውን ሆርሞን መሥራት ሲያቅታት፣ የወንድ የሚባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ ታመርታለች። ልጅቷ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለች ያ ሆርሞን በዝቶባት ውጪዋ ወንድ መሰለ። ማህፀኗ ግን ውስጧ አለ፣ በማሽን አይተውታል። ደሟም የሴት ደም ነው አለች።

«ወንድ ነው ተብለናል» አልኩ። «ጤና ጣቢያ ነው ያሉን።»

«ለማየት ይመስላል አባባ። እነሱም አይፈረድባቸውም።»

«ከማን ወገን ነው የመጣው?»

«ከሁለቱም። አባትና እናት ሳያውቁ ይይዙታል፣ እነሱን አያማቸውም። ሁለቱም ለአንድ ልጅ ሲያወርሱት ነው ችግሩ።»

«የኛ ዘር ንጹሕ ነው።»

«ቆሻሻ ነው አላልኩም እኮ አባባ። በእናንተ ቤት በተወለደ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ የሞተ ሕፃን ነበር?»

«የለም» አልኳት።

የለም። ከእንግዳ በፊት የነበረው አይቆጠርም። ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። እሱን የገደለው ምች ነው። ያስመልሰው ነበር፤ ያኔ የማያስመልሰው ሕፃን ማን ነበር? ፊቱ መጨረሻ ላይ

ይብቃኝ። መብራቱም ሊጠፋ ነው።

ሐምሌ 2

ወደ ቤት ተመለስን። ሁለት ዓይነት ኪኒን አላት። አንደኛው እየተፈጨ ጧት፣ ቀን፣ ማታ በታለበ የጡት ወተት ይሰጣታል። ሌላኛው ትንሿ ኪኒን ናት፣ ጨው የምታስቀረው። ጨው ራሱም በውሃ እየተበጠበጠ በመርፌ ቱቦ አፏ ውስጥ ይንጠባጠባል። ለሕፃን ጨው! እናቴ ብትሰማ ትስቅብን ነበር።

ትንሿን ኪኒን ሆስፒታሉ ለጥቂት ሳምንት የሚሆን ሰጠን። ከዚያ በኋላ ፈልጋችሁ ግዙ፣ እንደ ልብ አትገኝም፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳትቋረጥ ተባልን። እንግዳ «እኔ እፈልጋለሁ» አለ።

«አንተ መሪህን ያዝ። እኔ አመጣለሁ» አልኩ። «እኔ እያለሁ ይህ ቤት መድኃኒት ለማኝ አይሆንም።»

ብርነሽ «አባባ፣ ሁላችንም ብንፈልግስ?» አለች። አመጣለሁ አልኩ።

ሸምሱ ከሱቁ ደጃፍ «ጎረምሳው እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። እውነት ነው፣ ደህና ነው። ደህና ናት።

ሐምሌ 9

ለቀጠሮ አብሬ ሄድኩ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ብርነሽ ልጅቷን ልታስመዝን ስትወጣ ጠብቄ ሐኪሟን ጠየቅኳት።

«ያ ሆርሞን ውጪዋን እንዲህ ከቀየረ፣ አንጎሏስ?»

ትስቃለች ብዬ ነበር። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «ደህና ጥያቄ ነው። እኛም የምንጠይቀው ነው» አለች።

የነገረችኝን እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። አንጎል የብዙ ብዙ ትንንሽ ሴሎች ስብስብ ነው። እየተጠራሩ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲነቃ ሌላው ያርፋል። ገና በማህፀን ወይም በተወለዱ ሰሞን ያ ሆርሞን ሲደርስባቸው፣ አንዳንዶቹ አነቃቃቸው ይለያል። በአይጥ አይተውታል። ገና ለተወለደች ሴት አይጥ የወንዱን ሆርሞን ሰጧት፤ ስታድግ በአንጎሏ አንዳንድ ቦታ ያሉት ሴሎች እንደ ወንዱ አይጥ ሆነው ሲሠሩ ተገኙ። ሆርሞኑ ካለቀ በኋላ እንኳ። በልጅነት የገባ ነገር እዚያው ቀረ ማለት ነው።

«እንግዲያው አንጎሏ የወንድ ነው» አልኩ።

«እሱን አላልኩም። አይጥ ሰው አይደለችም። እንዲህ ሆነው የተወለዱ ሴቶች በልጅነታቸው ኳስና መኪና የሚወዱ ይበዛሉ። ትልቅ ሲሆኑ ግን አብዛኞቹ ሴት ነን ብለው ነው የሚኖሩት። የዚችኛዋን እሷው አድጋ ትነግረናለች። ማህፀኗም ደህና ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ልትወልድም ትችላለች። ለዚህ ሁሉ ግን መጀመሪያ ማደግ አለባት አባባ። ትንሿ ኪኒን ተገኘች?»

«እየፈለግሁ ነው።»

ገና አልጀመርኩም ነበር።

ሟቿ ባለቤቴ ጣራ ላይ ወጥታ ቆርቆሮ ትመታ ነበር፣ የሸሸ ወይፈን በጅራቱ ይዛ ታቆም ነበር። የሷን አንጎል ማንም አልጠየቀም። እኔ ግን የዚችን መጠየቅ አልተውኩም። ምን ትሆናለች? ማን ያገባታል? ምን ብለን እንጠራታለን?

ሐምሌ 14

እውነት ነው የተናገርኩት። በጊደር እውነት ነው።

ላሜን እያለብኩ ለእንግዳ ነበር የምነግረው። ስለ ሴሎቹም ስለ አይጧም ስነግረው «አባዬ አንተ ደግሞ» አለ። እንደማውቅ ላሳየው ፈለግሁ።

«ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር አታውቅም? ማህፀን ውስጥ የወንዱ ነገር ይነካታል። መልኳ ጊደር ነው፣ ግን ኮርማ አታስጠጋም፣ አትወልድም። እኔ እንደዚያ ያለችውን ሳላከርም ለሥጋ ነበር የምሸጣት።»

እንግዳ «አባዬ ተው» አለኝ። ወደ ኋላዬ እያየ ነበር።

ብርነሽ በሩ ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ልጅቷ፣ በአንድ እጇ ኪኒን የምትፈጭበት ማንኪያ።

«አባባ፣ ለሥጋ ስንት ታወጣለች?» አለችኝ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

እኔ ስለ ጊደር ነው የተናገርኩት። ሐኪሟ ማህፀኗ ደህና ነው፣ ትወልዳለች ብላኛለች። ሰምቼ ነበር። ከአፌ የወጣችው ግን ጊደሯ ናት።

ሐምሌ 15

ሄዱ። ብርነሽ ናዝሬት የምትባል እህት ጀሞ ኮንዶሚኒየም አለቻት፣ እዚያ ነው የገቡት። እንግዳ አልጋውን ሚኒባሱ ላይ ጫነ። ዝናብ ነበር። ፕላስቲክ ላልብስላችሁ አልኩ። አያስፈልግም አለ።

ከጓሮው ክፍል ምንም ድምፅ የለም።

ሐምሌ 18

ሁለት ሊትር ወተት ይዤ ጀሞ ሄድኩ። እናት ትጠጣው፣ ለጡቷ ይሆናል ብዬ። ሕንጻው ሁሉ አንድ መልክ ነው። ሰው ጠይቄ ጠይቄ የናዝሬት ብሎክ ሥር ደረስኩ። ጥበቃው ደህና ሰው ነው፣ ወንበሩን ሊለቅልኝ ተነሣ።

«ማንን ፈልገው ነው አባት?»

«የልጅ ልጄን።»

«ስሙ ማን ነው? ልጥራልዎ።»

ኢያቄም ብዬ ልጠራት አልችልም። ሌላ ስም ያውጡላት አያውጡላት አላውቅም። እንግዳን ጥራልኝ ማለት እችል ነበር፤ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ያኔ ከአፌ የሚወጣ ጠፋ።

«ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብዬ ወተቱን ይዤ ተመለስኩ።

ሐምሌ 23

አርባው ዛሬ ነበር። ማንም ሳያስታውሰኝ በጧት አቦ ሄድኩ። መምሬ ሚሳኤል መጠመቂያው ደጃፍ ቆመው «የታል ልጁ?» አሉኝ። እዚያው እየዘነበብን ነገርኳቸው። ከአፌ ለማውጣት ከዚያ በፊት እንዲህ የከበደኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

መምሬ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ሴት ከሆነች ሰማንያዋ ነዋ። ቁጠር እስቲ፤ ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ይውልላታል። ከዚህ የተሻለ ቀን አንተ ብትመርጥ ታገኝ ነበር?»

«መምሬ፣ ምን ትሆናለች ብዬ ነው እኮ የምጨነቀው።»

«ክርስቲያን ትሆናለቻ! መድኃኒት ታዞላታል አልክ? እንዳታቋርጡ። ጸበሉም ኪኒኑም የሚመጣው ከአንድ እጅ ነው። የዚህን ቤት ስም ጠርታችሁ መድኃኒት እንዳትጥሉ።»

ስመለስ ሴቶቹ ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ ተጠልለው ነበር። ሰምተዋል። ማን እንደነገራቸው እንጃ። አንዷ «ወንድ ነው ብሎ ሰባት አስጮኸን፣ ሁለቷን እልልታችንን ይመልስልን!» አለች። ሳቁ። ሸምሱም ሳቀ። አይቼዋለሁ፣ ጥርሱን አይቼዋለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ፉርሽካ ከላፍቶ ነው የማስመጣው።

ነሐሴ 4

ትንሿ ኪኒን የለችም። ከነፋስ ስልክ እስከ ሜክሲኮ ያለ ፋርማሲ ገብቼ ወጥቻለሁ። «ሰሞኑን አልገባችም።» «ከየት ነው የተጻፈላችሁ?» «ለማን ናት አባባ?» ለማን ናት ሲሉኝ እወጣለሁ።

እንግዳ ደወለ።

«አባዬ፣ አገኘህ?»

«አመጣለሁ አልኩህ እኮ።»

«ካልተገኘች ንገረኝ፣ ሰው ልጠይቅ።»

«አመጣለሁ!»

የሸምሱ ልጅ አህመድ ለመለዋወጫ ዕቃ ዱባይ ይመላለሳል። ነገ ይሄዳል። ሸምሱ ዛሬ በሬን አንኳኳ። አልከፈትኩለትም። በአጥር ላይ «ጋሽ ደምሰው፣ አህመድ ሊሄድ ነው፣ የምታስመጣው ነገር ካለ!» አለ።

«ምንም» አልኩት።

ሲስቅ አይቼዋለሁ።

ነሐሴ 12

እንግዳ ደወለ። ግማሽ ግማሽ እየሰጡ አብቃቅተው ዛሬ አለቀች። ሐኪሟ ጨው ጨምሩላት፣ ቶሎ ፈልጉ ብላለች። ሆስፒታሉም የለውም።

«አባዬ እውነቱን ንገረኝ፣ ፍንጭ አለህ?»

«ነገ አንድ ቦታ አለ» አልኩት።

የለም። አንድም ቦታ የለም።

ነሐሴ 19

ተቅማጥና ትኩሳት። እንደገና ሆስፒታል። ጨው ቢሰጧትም ሰውነቷ አይይዘውም። አይኗ ጎድጉዷል። ብርነሽ ወደ እኔ አትዞርም።

ዶክተር ፌኔት እየሮጠች ወጣች። «ትንሿ ኪኒን ከቆመች ስንት ጊዜዋ ነው?»

እንግዳ እኔን አየ። እሱ ባለመናገሩ ነው የተናገርኩት።

«እኔ ነኝ። አመጣለሁ ብዬ ይዣቸው ቀረሁ። ሰው እንዳይጠይቁ ከልክዬ።» ከዚያ ይቺም አብራ ወጣች፦ «የሞተ ሕፃን ነበር ወይ ብለሽኝ ነበር። ነበር። ወንድ። ከእንግዳ በፊት። እንደዚሁ ነው የሆነው፣ ልክ እንደዚሁ።»

ሐኪሟ ክንዴን ያዘችኝ፣ አጥብቃ። «እሺ አባባ። ያኔ ማንም አያውቀውም ነበር» አለችና ተመልሳ ገባች።

ያኔ። አሁን ግን ይታወቃል። ነግራኝ ነበር፣ ሁለት ጊዜ።

ነሐሴ 20

ዓርባ ዓመት ለፋሁ፣ ቤት ሠራሁ፣ ልጅ አሳደግሁ። ዛሬ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጉሉኮስ ሲንጠባጠብ ከማየት በቀር የምሠራው የለም። መግባት የሚፈቀደው ለአንድ ሰው ነው፣ እሷም እናቷ ናት። በመስታወት ነው የማያት። መስታወቱን በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ፣ በትንፋሼ ይጨልማል፣ መልሼ እጠርገዋለሁ።

ሳትጠመቅ ብታልፍስ? ይቺ ሐሳብ ገደለችኝ። ማንንም ሳላማክር ለመምሬ ደወልኩ። መጡ፣ ከነእርጥብ ካባቸው። «ለሞት ለደረሰ ሕፃን ቀን አይጠበቅም፣ አሁኑኑ ማጥመቅ ይቻላል። የምትወስነው ግን እናቷ ናት» አሉ።

ብርነሽን አስጠሩልኝ። ወጣች። ከዚያች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አይኔን አየችኝ።

«አባባ፣ አንተ ነህ መምሬን የጠራሃቸው?»

«ብትቀድመንስ ብዬ ነው ልጄ።»

«አሁን ካስጠመቅኳት ሂጂ እንዳልኳት ነው። እኔ ሂጂ አልላትም። ሰማንያዋን ትሞላለች፣ በእግሬ ይዣት ነው የምሄደው።»

«ብርነሽ፣ ነገሩ...»

«ወንድ ነው አልክ፣ ተቀበልን። ቤት ትቆይ አልክ፣ ተቀበልን። ኪኒን አመጣለሁ አልክ፣ ጠበቅን። እባክህ አሁን ምንም አትበል።»

ዝም አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዝም በል ሲሉኝ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ነው።

መምሬ «በጸሎቴ እንድጠራት ስሟን ንገሪኝ» አሏት።

«ሲና።»

ሲና። ስሟን የሰማሁት እዚያ ኮሪደር ላይ ነው፣ ለሌላ ሰው ሲነገር።

ከዚያ በቀጥታ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ፉርሽካ እየመዘነ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። «የልጅ ልጄ ልትሞት ነው። መድኃኒቷ እዚህ የለም» አልኩት። ሌላ መግቢያ አልመጣልኝም።

ሚዛኑን ለቀቀው። «አህመድ ገና እዚያው ነው! ነገ ማታ ነው የሚሳፈረው። ላ ኢላሃ! የመድኃኒቱን ስም አምጣ።»

እንግዳ ስሙን በስልክ ላከለት። ሸምሱ ለልጁ ደወለና «ዕቃው ይቅር፣ መጀመሪያ ይቺን ፈልግ» ሲለው ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«በአጥር ላይ ስጠራህ እኮ ለዚሁ ነበር። እንግዳ ነግሮኝ ነበር። ምንም አልከኝ። አግኝተሃል ብዬ ተውኩት።»

«ስትስቅ አየሁህ።»

«ሳቅሁ! አዎ ሳቅሁ! ሰው በሁለት እልልታ ይኮረፋል ጋሼ? እኔ ላይ ሳቅብኝ፣ ራሴ በራ ነው፣ ሳቅብኝ። ልጅ በመሃል አይገባም!»



ነሐሴ 22

አህመድ ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ሆስፒታል መጣ። ሦስት ጠርሙስ። ሻንጣውን እንኳ ቤት አላደረሰም።

ዶክተር ፌኔት «ጥሩ፣ ግን የሚያድናት ይቺ ብቻ አይደለችም፣ ገና ነን» አለች። ገና ነን።

ነሐሴ 26

ጠባች። እንግዳ ሮጦ መጥቶ ነገረኝና ፊቱን ግድግዳ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። አባት እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የኔ አባት አላሳየኝም።

ብርነሽ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ነርሷ «ግቡ፣ ለአፍታ» አለችኝ። ጣቴን ሰጠኋት። ያዘችው። ጭብጥ አደረገችው። ይህ የወንድ አያያዝ ነው ወይስ ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ይዛኛለች። ያ ይበቃል።

ብርነሽ ተመልሳ መጣች። ጣቴን አስለቅቄ ወጣሁ።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ተጠመቀች። አቦ፣ በዝናብ። ብርነሽ በእግሯ ይዛት መጣች፣ እንዳለችው፤ ሚኒባሱን ከታች አስቁማ። ውሃው ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን አናወጠችው። ከኋላዬ አንዷ «ኧረ እንደ ወንድ ነው የምትጮኸው!» አለች። የብርነሽ ትከሻ ሲሸማቀቅ አየሁ።

«እንደ ሕፃን ነው የምትጮኸው» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ መምሬም ቀና አሉ።

ብርነሽ አልዞረችም። ትከሻዋ ግን ወረደ። ወይም ለኔ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ጀሞ ተመለሱ። ወደ እኔ ግቢ አልመጡም። ድግስ አልነበረም። እንግዳ በመስኮት እጁን አወጣልኝ።

ሐኪሟ ኪኒኗ የዕድሜ ልክ ናት ብላለች። በታመመች ቁጥር አንደኛው መጨመር አለበት፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለባት። እኔ ያኔ የለሁም። ይቺ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላት አንጎሏ ምን እንደሚላት እኔ አልሰማም። ማን ፋርማሲ ለፋርማሲ እንደሚዞርላትም አላውቅም። ይህን ልለውጠው አልችልም።

ጳጉሜ 4

ያለብኝን ዕዳ ማንም እንዳይከፍልልኝ እጽፈዋለሁ። እንግዳም ቢሆን።

የአህመድ የሦስቱ ጠርሙስ ዋጋ። አልቀበልም ብሏል። ይቀበላል፣ ከእናቱ እጅ አስቀምጬለት እመጣለሁ።

የሸምሱ ሰላምታ አለብኝ፣ የአንድ ወር። ነገ ጧት ሱቁን ሲከፍት እዚያ እሆናለሁ፣ ፉርሽካም ከሱ ነው።

ዶክተር ፌኔት የኔን ደም ፈልጋ ነበር፣ በማን በኩል እንደመጣ ለማወቅ፣ እንግዳ ሌላ ሲወልድ እንዲጠነቀቁ። እምቢ ብያት ነበር። እሰጣለሁ። ዘሬ ንጹሕ ነው ያልኩትንም እመልሳለሁ።

መምሬን ያለ ጊዜያቸው በዝናብ አስጠርቻቸዋለሁ። ጥላ እገዛላቸዋለሁ።

ሕፃኑ ልጄ፣ የመጀመሪያው፣ መቃብሩ ላይ ድንጋይ እንኳ የለም። ቦታውን የማውቀው አሁን እኔ ብቻ ነኝ። ዝናቡ ሲያቆም እሄዳለሁ።

የብርነሽ ይቀራል። ዋጋውን አላውቀውም። ሰፈሩ ሽማግሌ ላክ ይለኛል። አልልክም። ሽማግሌ ሲመጣባት ይሉኝታ ይዟት እሺ ትላለች፣ የሷን እሺ እንዲያ አልፈልገውም። በእንግዳም አልልክም። ጀሞ እሄዳለሁ፣ ደረጃውን እወጣለሁ፣ አንኳኳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ፣ አላገኘሁም። ባትከፍትልኝ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤት ይየኝ። ውረድ ካለችኝ እወርዳለሁ፣ በማግስቱ እመለሳለሁ።